ዲስኩን ይከፍታል፣ ቪዲዮውን ግን አይቀዳም፦ ድራይቬ ሞቷል ወይስ ሌላ ነገር ነው?

የኮዬዋ_እህት፣ ሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤት ውስጥ አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለኝ፤ ሊኑክስ ሚንት ነው የተጫነበት። ዲቪዲ ድራይቩ አብሮት የመጣ ነው። እስካሁን ብዙም አልነካሁትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ በ1998 ዓ.ም. ስታገባ ቪዲዮው በሁለት ዲስክ ተሠርቶ ተሰጠን። በሁለተኛው ዲስክ ላይ መልሱ አለ። አባታችን ቆሞ ሙሽሮቹን የመረቀው እዚያ ላይ ነው። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሊሆነው ነው። ድምፁ የቀረን በዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ዴካችን ከተበላሸ ቆይቷል። እናቴ ከሰሞኑ «የአባትሽን ምርቃት አሰሚኝ» እያለችኝ ነው፤ ሙት ዓመቱም እየደረሰ ነው።

የመጀመሪያውን ዲስክ ሳስገባ ድራይቩ ትንሽ ያጓራና ይከፍተዋል። ውስጡ በርከት ያሉ ፎልደሮች አሉ። «ኤምፔግኤቪ» በሚለው ውስጥ አንድ ትልቅ ፋይል አገኘሁ፤ ስሙ መጨረሻ ላይ «ዳት» ይላል። ኮፒ ሳደርገው ወዲያው «ኢንፑት አውትፑት ኤረር» ብሎ ይቆማል። ሁለተኛው ዲስክ ደግሞ ጭራሽ አይከፈትም። ያሽከረክራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ያሽከረክራል። አንዳንዴ ትሪው ራሱ አልወጣ ይለኛል።

የእህቴ ባል «ድራይቩ ሞቷል፣ ሌላ ግዢ» ብሎኛል። ከመግዛቴ በፊት የምታውቁትን ንገሩኝ። የምጽፈው በስልክ ነው፤ ኪቦርዴም አማርኛ ብቻ ነው። ትዕዛዝ ካለ ፊደል በፊደል ጥሩልኝ፣ ኮምፒውተሩ ላይ እኔ እጽፈዋለሁ።


ካቻቢቴ፣ ሰኞ ማታ 2፡50

እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። እኔ ቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ ጎረቤት ነን።

ድራይቩ ዲስክ አንድን ከከፈተ ሙሉ በሙሉ አልሞተም ማለት ነው። መጀመሪያ ሲስተሙ ድራይቩን ደህና አድርጎ ማየቱን እናረጋግጥ። ተርሚናል ክፈቺና ኤል-ኤስ-ቢ-ኤል-ኬ ብለሽ ጻፊ። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «ኤስአር ዜሮ» የሚል ስም፣ ከጎኑ ደግሞ «ሮም» የሚል ቃል መኖር አለበት። ሊኑክስ ለሲዲና ለዲቪዲ ድራይቭ የሚሰጠው ስም ነው። እሱ አንዴ መጥቶ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ገመድ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፊ፣ ከሶኬት ንቀይ፣ የሲፒዩውን የጎን ክዳን ክፈቺ። ከድራይቩ ጀርባ ሁለት ገመድ አለ፤ ጠበብ ያለው የዳታ ነው፣ ሰፋ ያለው የኃይል። ሁለቱንም አውጥተሽ መልሰሽ ጥብቅ አድርገሽ ሰኪ። በእኛ ሰፈር አቧራ ያልገባበት ኮምፒውተር አይቼ አላውቅም።

ሌላው፣ ደህና መሆኑን የምታውቂውን ዲስክ ሞክሪ። አንድ ሲዲ፣ አንድ ዲቪዲ። ሁለቱንም መሞከርሽ አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱን ውጤቱን ስትነግሪን እነግርሻለሁ።

ትሪው ሲያስቸግርሽ በጉልበት አትሳቢው። ፊት ለፊቱ ላይ መርፌ የምታስገባ የምታህል ቀዳዳ አለች። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እያለ የወረቀት ክሊፕ አቃንተሽ ቀስ አድርገሽ ግፊ፤ ትሪው ትንሽ ብቅ ይላል፣ ከዚያ በእጅሽ ትስቢዋለሽ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ትሪውን የምትጎትተዋ ትንሿ የጎማ ቀበቶ መላሏ ነው። ከንባብ ችግሩ ጋር ግንኙነት የለውም።


ሚሚ_ጀሞ፣ ሰኞ ማታ 3፡20

የእኔም ዲስክ አንዴ እንዲህ አድርጎኝ ነበር። በጥርስ ሳሙና በስሱ አሽቼ፣ በውኃ አጥቤ ሳደርቀው ሠራልኝ። ብትሞክሪው አይከፋም።


ጋሽ_ቴክኒክ፣ ሰኞ ማታ 3፡32

ልጄ፣ እባክሽን ዲስኩን በምንም ነገር እንዳትነኪው። የጥርስ ሳሙናም፣ ቫዝሊንም፣ ምንም።

እኔ ሰበታ ላይ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ዴክ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ሚሚ ያልሽው ውሸት አይደለም። ስስ ጭረት በታችኛው ገጽ ላይ ከሆነ ማሸቱ አንዳንዴ ይረዳል። ግን ይህ ቅጂ የሌለው ዲስክ ነው። ማሸት የመጨረሻው መጨረሻ ላይ የሚደረግ ነገር ነው።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሲዲ 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ነው። መረጃው ያለው ግን ሌዘሩ በሚያይበት በኩል አይደለም። ከላይ፣ ጽሑፍ ከሚጻፍበት ገጽ ሥር ነው ያለው። እዚያ በኩል ከለላው ስስ ቫርኒሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ከታች ያለ ጭረት ብዙ ጊዜ ይታከማል፤ ከላይ ያለ ጭረት ግን መረጃውን ራሱን ይዞት ይሄዳል። ዲቪዲ ከዚህ ይለያል። መረጃው በሁለት 0.6 ሚሊሜትር ፕላስቲክ መካከል ተጣብቆ ነው ያለው።

አሁን ሁለት ነገር ንገሪኝ። ሁለተኛውን ዲስክ ወደ አምፖል አቅንተሽ በመሃሉ ተመልከቺ። ብርሃን የሚያሳልፉ ነጠብጣቦች አሉ? ደግሞ ላዩ ላይ የተለጠፈ የሙሽሮች ፎቶ አለ? የዚያን ዘመን ቪዲዮ ቤቶች ይለጥፉ ነበር።


የኮዬዋ_እህት፣ ማክሰኞ ማታ 1፡40

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሥራ እንደገባሁ ያላችሁኝን አደረግኩ።

ካቻቢቴ፣ «ኤስአር ዜሮ» አለ፣ «ሮም» ይላል። ገመዶቹን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። አቧራው በእውነት ያስደነግጣል። የመዝሙር ዲቪዲ አስገባሁ፤ ጥርት ብሎ እስከ መጨረሻው ሄደ። የዘፈን ሲዲ ሳስገባ ግን ለመጀመር ብዙ ጊዜ ወሰደ። አንዴ ከጀመረ በኋላ ደህና ነው።

ጋሼ፣ የሚያሳልፍ ነጠብጣብ የለም። ፎቶው ግን ልክ እንዳሉት በሁለቱም ላይ ተለጥፏል። በሁለተኛው ላይ አንደኛው ጫፍ ተነስቷል፣ መሃሉም ላይ አየር የገባበት እብጠት አለ። ልላጠው ብዬ ጥፍሬን አስገብቼ ነበር፤ የእርስዎን ጽሑፍ ሳስታውስ ተውኩት።


ጋሽ_ቴክኒክ፣ ማክሰኞ ማታ 1፡48

ተመስገን! እንኳን ተውሽው። ከላጥሽው ያ የሚያብረቀርቀው ሽፋን አብሮ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ በምድር ላይ የሚመልሰው የለም። ለዛሬ ዲስኩን በልባሱ አስቀምጪው። ወደ እሱ እንመለሳለን።


ተርሚናል_ወዳጅ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡05

ከለገጣፎ ነኝ። ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔ ገና ከመጀመሪያው ጽሑፍሽ አንድ ነገር ጠርጥሬያለሁ፤ ግን ሳላይ መናገር አልፈልግም።

ፎልደሩ ውስጥ የሚመጣው «ኢንፑት አውትፑት ኤረር» ምንም አይነግረንም። «አልቻልኩም» ማለት ብቻ ነው። ለምን እንዳልቻለ የሚናገረው ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ነው። ተርሚናል ላይ ሱዶ ብለሽ ክፍት ቦታ ተዪ፣ ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ ትንሿን ደብልዩ። መስኮቱን ክፍት ተዪው። ከዚያ ዲስክ አንድን አስገቢና ፋይሉን ኮፒ አድርጊ። ኤረሩ ሲመጣ ተርሚናሉ ላይ አዳዲስ መስመሮች ይወጣሉ። ከመስመሮቹ ውስጥ «ሴንስ ኪ» እና «አድ ሴንስ» ከሚሉት ቀጥሎ ያለውን አንብቢልኝ። ዲስክ ሁለት ላይም እንደዚያው፤ ግን ከአንድ ጊዜ በላይ አታስሞክሪው።


የኮዬዋ_እህት፣ ማክሰኞ ማታ 2፡31

እንደሚነበበው እጽፍልሃለሁ።

ዲስክ አንድ፦ «ሴንስ ኪ፦ ኢሊጋል ሪኩዌስት»፣ ቀጥሎ «አድ ሴንስ፦ ኢሊጋል ሞድ ፎር ዚስ ትራክ»።

ዲስክ ሁለት፦ «ሴንስ ኪ፦ ሚዲየም ኤረር»።

ሁለቱ አንድ አይደሉም። ይሄ ምን ማለት ነው?


ተርሚናል_ወዳጅ፣ ማክሰኞ ማታ 3፡10

ትልቅ ነገር ነው ያነበብሽልኝ። ሁለት የተለያየ ችግር ነው ያለብሽ፤ አንደኛው ደግሞ ብልሽት እንኳ አይደለም።

ከዲስክ ሁለት ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። «ሚዲየም ኤረር» ማለት ድራይቩ ለማንበብ ሞክሮ አቃተው ማለት ነው። ወይ ዲስኩ ነው፣ ወይ የድራይቩ ዓይን። እሱን ለእነ ጋሼ እተወዋለሁ።

ዲስክ አንድ ላይ ግን ድራይቩ «አቃተኝ» አላለም። «የጠየቅከኝ አጠያየቅ ለዚህ ትራክ አይሆንም» ነው ያለው። ዲስክሽ ዳታ ሲዲ አይደለም፤ ቪሲዲ፣ ማለትም ቪዲዮ ሲዲ፣ ነው። «ኤምፔግኤቪ» የሚለው ፎልደርና «ዳት» የሚለው ፋይል ምልክቶቹ ናቸው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው በዚህ የተነሳ ደህና ድራይቭ ይጥላልና። በሲዲ ላይ መረጃው ሴክተር በሚባሉ ቁርጥራጮች ነው የሚቀመጠው፤ እያንዳንዱ ሴክተር 2352 ባይት ነው። በዳታ ሲዲ ከዚያ ውስጥ ለፋይሉ የሚውለው 2048ቱ ነው። ከቀሪው ትልቁ ድርሻ፣ 276 ባይት፣ ለስህተት ማረሚያ ይውላል። ለፕሮግራም ወይም ለሰነድ አንድ ባይት ከተሳሳተ ፋይሉ ሊበላሽ ስለሚችል ነው። ቪሲዲ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ግን ሠሪዎቹ ሌላ ሒሳብ አሰቡ። ቪዲዮ ላይ ጥቂት ባይት ቢሳሳት ምስሉ ለቅጽበት ይረበሽና ያልፋል። ስለዚህ ያንን ተጨማሪ ማረሚያ ትተው በእያንዳንዱ ሴክተር 2324 ባይት ቪዲዮ አስገቡበት። 700 ሜጋባይት በሚባል ዲስክ ላይ ወደ 800 ሜጋባይት ቪዲዮ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሊኑክስ ዲስኩን እንደ ፎልደር ሲከፍተው ሁሉም ነገር በ2048 የተቆረጠ ነው ብሎ ይጠይቃል። የፋይሎቹን ስም የያዘው የመጀመሪያው ትራክ እንደዚያ ስለሆነ ይከፈታል። ቪዲዮው ያለበት ከሁለተኛው ትራክ ጀምሮ ነው። እዚያ ሲደርስ ድራይቩ እምቢ ይላል። ዲስኩም ጤነኛ ነው፣ ድራይቩም ጤነኛ ነው፣ ኮፒው ግን አይሠራም።

መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ ለማየት ብቻ ቪኤልሲ የሚባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈቺ። ሚዲያ ከሚለው ሜኑ «ኦፕን ዲስክ» በዪ፣ እዚያ ውስጥ «ኤስቪሲዲ ስላሽ ቪሲዲ» የሚለውን ምረጪ፣ አጫውቺ። ከተጫወተ ለማስቀረት ቪሲዲኢሜጀር የሚባለውን ፓኬጅ ጫኚ። ሱዶ፣ አፕት፣ ኢንስቶል ብለሽ ስሙን ያለ ክፍት ቦታ አያይዘሽ ጻፊ። ትንሽ ነው፣ በሞባይል ዳታም ይወርዳል። ውስጡ ቪ-ሲ-ዲ-ኤክስ-አር-አይ-ፒ የሚል ትዕዛዝ አለ። ከሱ ቀጥሎ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሰረዝ፣ ሲዲሮም፣ ሰረዝ፣ ዲቫይስ፣ የእኩል ምልክት፣ ስላሽ ዴቭ ስላሽ ኤስአር ዜሮ። ቪዲዮውን በኤምፒጂ ፋይል አድርጎ ተርሚናሉ ባለበት ፎልደር ያስቀምጥልሻል።


ጋሽ_ቴክኒክ፣ ማክሰኞ ማታ 3፡25

ተርሚናል፣ እጅህ ይባረክ። እኔ ዕድሜዬን በዴክ ላይ ጨርሼ የሊኑክሱን በኩል አላውቀውም ነበር።

የዚያን ዘመን ሰርግ አብዛኛው በቪሲዲ ነው የሚሰጠው። የአማርኛ ፊልሙም እንዲሁ ነበር። ዲቪዲ ማጫወቻ በየቤቱ ሳይገባ ሁሉም የሚያጫውተው እሱን ስለነበር ነው። በየሳጥኑ ሥር ስንትና ስንት የሰው ድምፅ ተቀምጦ እንዳለ ሳስብ ሆዴ ይላወሳል።


የኮዬዋ_እህት፣ ረቡዕ ማታ 3፡02

ሠራ!! ዲስክ አንድ በቪኤልሲ ተከፈተ። እህቴ ከመኪና ስትወርድ፣ እኛ ትንንሾቹ ስንሯሯጥ፣ ሁሉም አለ። እናቴን ጠርቼ አብረን አየን።

መቅዳቱ ግን አንዴ ተቋርጦብኛል። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ያልተጨረሰውን ፋይል አጥፍቼ ከመጀመሪያው አስጀመርኩት፤ አሁን ሙሉው ወጥቷል። ሃርድ ዲስኩ ላይም ፍላሽ ላይም አስቀመጥኩት።

አሁን ሁለተኛው ብቻ ነው የቀረው። እውነቱን ለመናገር እሱን ለማስገባት እጄ ይንቀጠቀጣል።


ሱሉልታ_27፣ ረቡዕ ማታ 3፡30

በመሃል ስለገባሁ ይቅርታ። እኔም ሲዲ አለኝ፣ ግን ቪዲዮ ሳይሆን የድሮ ፎቶዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ይከፈታሉ፣ አንዳንዶቹ ግማሽ ላይ ግራጫ ይሆናሉ። ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ «ሚዲየም ኤረር» ነው የሚለኝ። ይሄ መንገድ ለእኔ ይሠራል?


ተርሚናል_ወዳጅ፣ ረቡዕ ማታ 3፡47

ለአንተ ሌላ መንገድ ነው ያለው። ያንተ ዳታ ሲዲ ስለሆነ ዲዲሬስኪው የሚባለውን ተጠቀም። ሚንትና ኡቡንቱ ላይ ፓኬጁ ከፊቱ ጂ ተጨምሮበት ጂዲዲሬስኪው ይባላል፤ ትዕዛዙ ሲጻፍ ግን ጂውን ይተዋል። ዋናው ጥቅሙ ደህናውን ቦታ አስቀድሞ መቅዳቱ ነው። መጥፎው ቦታ ላይ ተጣብቆ ድራይቩን አያደክምም። የት እንደደረሰም በማፕ ፋይል ይመዘግባል። መብራት ቢጠፋ ከቆመበት ይቀጥላል።

በመጀመሪያው ዙር ሰረዝ ኤን፣ ከዚያ ሰረዝ ቢ 2048 ስጠው። ቀጥሎ ድራይቩን፣ የኢሜጁን (የዲስኩን ሙሉ ቅጂ የሚይዘውን ፋይል) ስም፣ የማፑን ስም ጻፍ። በሁለተኛው ዙር ሰረዝ ኤን የነበረበት ቦታ ሰረዝ ዲ እና ሰረዝ አር 1 አድርግ፤ ሌላው እንዳለ ይሁን። የኢሜጁና የማፑ ስም ካልተቀየረ የጎደለውን ብቻ ይሞክራል። ከዚያ ዲስኩን የጓደኛህ ኮምፒውተር ላይ በሌላ ድራይቭ፣ ከነዚያው ሁለት ፋይሎች ጋር ድገመው። አንዱ ድራይቭ ያቃተውን ሌላው ብዙ ጊዜ ያነበዋል። ፎቶዎቹን በኋላ ከኢሜጁ ታወጣለህ።


ካቻቢቴ፣ ረቡዕ ማታ 4፡10

የኮዬዋ፣ አሁን ወደ ሁለተኛው ዲስክ። ሲዲና ዲቪዲ ለየብቻ ሞክሪ ያልኩሽ በምክንያት ነው።

የዲቪዲ ድራይቭ ሁለት ሌዘር አለው። ለሲዲ 780 ናኖሜትር፣ ለዲቪዲ 650። አንዱ ሲደክም ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። ያንቺ ዲቪዲውን ጥርት አድርጎ እያነበበ ሲዲ ላይ መዘግየቱ፣ የሲዲው በኩል መድከሙን ያሳያል። ቪሲዲ ደግሞ በሲዲው ሌዘር ነው የሚነበበው። ሌላው አማራጭ ሌንሱ ላይ ያለ አቧራ ነው። ያንን ማጽዳት ይቻላል፣ ሌዘሩን ግን ማደስ አይቻልም። ስለዚህ ከሚቻለው እንጀምር።

ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለሽ ድራይቩን አውጪ። ገልብጠሽ በካቻቢቴ አራቱን ብሎን ፍቺ፣ ክዳኑን አንሺ። ሌንሷ እንደ ዓሣ ዓይን ያለች ትንሽ ብርጭቆ ናት። በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ላይ አይሶፕሮፒል አልኮል ጠብ አድርጊ፤ መርጠብ እንጂ መንጠብጠብ የለበትም። ሽቶ ያለበት ነገር አትጠቀሚ። እንደ አበባ ቅጠል ቀለል አድርገሽ አንዴ ወይ ሁለቴ አዙሪበት። እንዳትጫኚ፤ በጣም ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ ነው የተንጠለጠለችው። እስኪደርቅ ጠብቂ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ኤሌክትሪክ አትስጪው፣ የሲዲው ሌዘር ለዓይን ብዙም አይታይም ግን ዓይን ይጎዳል።

ከፈራሽ ቅዳሜ እኔ መጥቼ እሠራልሻለሁ። አንድ የድሮ ድራይቭም አለኝ፣ ሲዲ ላይ ጎበዝ ነው። ይዤው እመጣለሁ።


ጋሽ_ቴክኒክ፣ ሐሙስ ጠዋት 2፡20

ካቻቢቴ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ፎቶው ላይ ነው።

ሲዲ በትልቁ ፍጥነት ሲነበብ በደቂቃ ወደ 10,000 ዙር ይዞራል። ፎቶው በአንድ በኩል ከተነሳ ወይም ካበጠ ዲስኩ ሚዛኑን ያጣል፣ ይንቀጠቀጣል። ሌንሷ መስመሩን ልትከተለው አትችልም። ያንቺ ዲስክ የሚያጓራው ለዚህ ይመስለኛል። ዴክ ይህ ችግር አልነበረበትም። የሚያዞረው ቀስ ብሎ ነው፣ በደቂቃ ከ200 እስከ 500 ዙር። ስለዚህ ዴክ ላይ ሲጫወት የነበረ ዲስክ ኮምፒውተር ላይ እምቢ ሊል ይችላል።

የተነሳውን ጫፍ አትላጪ፣ ሙጫም አትጨምሪ። በንጹሕ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ቀስ አድርገሽ ተጫኚውና እንዲተኛ አድርጊ። እብጠቱን በመርፌ እንዳትወጊው፤ ከሥሩ መረጃው ነው ያለው።

ተርሚናል፣ ሊኑክስ ላይ ፍጥነቱን መቀነስ ይቻላል?


ተርሚናል_ወዳጅ፣ ሐሙስ ጠዋት 2፡41

ይቻላል ጋሼ፤ በጣም ጥሩ ነገር አነሱ።

ኢጀክት የሚለው ትዕዛዝ ትሪ ከማውጣት ሌላ ፍጥነትም ይወስናል። ኢጀክት፣ ሰረዝ ኤክስ፣ 4፣ ከዚያ ስላሽ ዴቭ ስላሽ ኤስአር ዜሮ። «ከአራት እጥፍ በላይ አትሩጥ» ማለት ነው። ዲስኩ ገብቶ እያለ ነው የሚሰጠው። ዲስኩን አውጥተሽ ስታስገቢ ፍጥነቱ ሊመለስ ስለሚችል ትዕዛዙን ድገሚው። ትዕዛዙን የማይቀበሉ ድራይቮች አሉ። ድምፁ ለስለስ ካለ ግን ተቀብሏል።


የኮዬዋ_እህት፣ ዓርብ ማታ 3፡15

ሌንሱን ራሴ አጸዳሁት። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ነው የወጣው። የዘፈኑ ሲዲ አሁን ወዲያው ይነሳል።

ከዚያ ዲስክ ሁለትን ጫፉን አስተኝቼ አስገባሁ። መጀመሪያ እንደ ልማዱ አጓራ። ወዲያው ፍጥነቱን 4 ላይ አደረግኩት። ድምፁ ጸጥ አለ። ሁለት ደቂቃ የጠበቅኩ ይመስለኛል፣ ተከፈተ! ቪኤልሲ ላይ መልሱ ጀመረ፤ ግቢያችን፣ ድንኳኑ፣ ጎረቤቶቻችን።

ቀረጻውን አስጀመርኩ። ወደ 40 ደቂቃው አካባቢ «ሚዲየም ኤረር» ሰጠና ተቋረጠ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቴም እዚያው። የአባቴ ምርቃት ከዚያ በኋላ ነው ያለው። እህቴ ቅደም ተከተሉን ታስታውሳለች።


ጋሽ_ቴክኒክ፣ ዓርብ ማታ 3፡24

ልጄ፣ አሁን ተዪው። አትደጋግሚው። ሲዲ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚነበበው። 40ኛው ደቂቃ ካለፈ ወደ ዳር እየሄድሽ ነው፤ ፎቶው የተነሳውም ዳሩ ላይ ነው። ዲስኩ አልጠፋም። ያንቺ ድራይቭ ዳሩን መከተል አቃተው እንጂ። ካቻቢቴ ነገ ይዞት የሚመጣውን ጠብቂ።


ካቻቢቴ፣ ዓርብ ማታ 3፡30

ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። የብሎክ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።


የኮዬዋ_እህት፣ ቅዳሜ ማታ 2፡50

ካቻቢቴ በሰዓቱ መጣ። እናቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችው። የእሱን ድራይቭ በእኔው ገመድ ሰክቶ፣ የእኔን ሳያወጣ ከጎን አስቀመጠው። ፍጥነቱን 4 አደረግን። 40ኛውን ደቂቃ ሲያልፍ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። አለፈ። 52ኛው ላይ አንዴ ዘገየ፣ ቀጠለ፣ ጨረሰ።

ሦስት ቦታ ላይ ምስሉ ካሬ ካሬ እየሆነ ይበተናል። አንደኛው ምርቃቱ መሃል ላይ ነው። ድምፁ ግን አንዲት ቃል አልጎደለችም። «የአብርሃም የሣራ ያድርጋችሁ» ሲል ጉሮሮውን ጠረግ ያደርጋል፤ ያንን አመሉን ረስቼው ነበር።

እናቴ አንድ ቦታ ላይ «አቁሚው» አለችኝ። ያለቀሰች መስሎኝ ዞር ስል ወደ ስክሪኑ እያሳየች ነው። «ይቺን ጋቢ እኮ እኔ ነኝ የፈተልኩለት» አለች። ከዚያ «በይ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» አለችኝ። አራት ጊዜ ሰማነው።

ተርሚናል፣ ጋሼ፣ ካቻቢቴ፣ ያላችሁኝን ሁሉ እናቴ እንደ ምርቃት ቆጥራዋለች፤ እሷም መርቃችኋለች። ሚሚ፣ አንቺንም ጭምር።


ሚሚ_ጀሞ፣ ቅዳሜ ማታ 3፡05

አነበብኩና አለቀስኩ። የእናቴ የቤተሰብ ጉባኤ ዲስክ አለኝ፣ «ተበላሽቷል» ብዬ ሳጥን ውስጥ የጣልኩት። ፎልደሩ ልክ እንዳንቺው «ኤምፔግኤቪ» ይላል። እኔ ግን ሊኑክስም ኮምፒውተርም የለኝም።


የኮዬዋ_እህት፣ ቅዳሜ ማታ 3፡12

ሚሚዬ፣ ይዘሽው ነይ። ካቻቢቴ ድራይቩን እኔ ጋር ትቶታል፤ የእኛ ደረጃ ጎረቤቶችም ሦስት ዲስክ አምጥተውልኛል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ፍላሽ ያዢ፣ ለአንድ ዲስክ 1 ጊጋባይት ይበቃል። ፎቶ ከተለጠፈበት እንዳትነኪው፣ በልባሱ እንዳለ አምጪው።